ክረምቱን ማን ያነጋግራቸዋል?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። መስከረም ላይ ከአስተማሪ ብዙ አትጠብቁ። ከድምፄ ጀርባ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ለጅማ ሰማይ መስከረም ጠብቷል ብሎ የነገረው የለም፣ ቤቴ ደግሞ ቆርቆሮ ነው፣ ስለዚህ ቻሉኝ።

አዲስ ለሆናችሁ፣ የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። መስማት የተሳናቸው ልጆችን ነው የማስተምረው፣ ትንንሾቹን። ግቢያችን ውስጥ ማየት የተሳናቸውም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውም አሉ። የእነሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፣ ሌላ ቀን።

ትምህርት ሲከፈት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «መጽሐፍ ደረሳችሁ? ወንበር አላችሁ?» ጉድለቱ አለ፣ አልክድም። መስከረምን የሚያከብድብኝ ግን እሱ አይደለም። ልጆቹ ሰኔ ላይ ይዘውት የሄዱትን ቋንቋ ጥለውት መመለሳቸው ነው።

ላብራራ። የሚሰማ ልጅ ክረምቱን ደብተር ባይነካ እንኳ ቋንቋ አይቋረጥበትም። እናቱ ከጎረቤት ስታወራ ይሰማል፣ ሬዲዮ ይሰማል፣ ታላላቆቹ ሲጣሉ ይሰማል፣ ቡና ሲፈላ ማን እንደሚታማ ሳይቀር ያውቃል። የእኔ ተማሪ ግን ሰኔ መጨረሻ ላይ ወደ ዴዶ ወይ ወደ ሰቃ ወይ ወደ ሊሙ፣ ቤተሰቡ ጋ ይሄዳል፣ እዚያ ምልክት ቋንቋ የሚችል አንድ ሰው የለም፣ ይወዱታል፣ ያበሉታል፣ ያለብሱታል፣ ግን ክረምቱን ሙሉ የሚሉት «ና»፣ «ብላ»፣ «ከብቱን መልስ»፣ «ተኛ» ነው። በቃ። ጣት መቀሰርና ትከሻ መነካካት።

ሲመለስ የጠፋው የትኛው ነው ካላችሁኝ፣ ይሄ ሁሌም ይገርመኛል፣ የዕቃ ስም ብዙም አይጠፋም። ላም ላም ናት። ቀድመው የሚሄዱት ጥያቄዎቹ ናቸው። «ለምን»፣ «መቼ»፣ «ቢሆንስ»። ሰኔ ላይ ከጓደኛው ጋር ለምን እንደተጣላ፣ ማን እንደጀመረ፣ ባይሰድበው ኖሮ እንደማይመታው ሁሉ ሲተርክልኝ የነበረ ልጅ፣ መስከረም ላይ ጓደኛውን በጣቱ ያሳየኛል፣ ቡጢውን ያሳየኛል፣ አለቀ። «ለምን?» ስለው ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

አዲስ ገቢዎቹ ደግሞ ሌላ ናቸው። አንዳንዶቹ 9 እና 10 ዓመት ሞልቷቸው ነው የሚመጡት፣ ምንም ቋንቋ ሳይኖራቸው። ማጅራት ገትር ይዞት የነበረ አለ፣ በሕፃንነቱ ጆሮው ሲመግል የኖረ አለ፣ ምክንያቱ የማይታወቅም አለ። ወላጆቹ «አፉ እስኪፈታ ጠበቅን» ይላሉ። ጠበል የወሰዱ አሉ፣ ሼህ ጋ የሄዱ አሉ። አልፈርድባቸውም። መስማት የተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ ከሚሰሙ ወላጆች ነው የሚወለዱት። ማን ይንገራቸው? ችግሩ አእምሮ ቋንቋን እንደልቡ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሆኑ ነው፣ በአፍም ይሁን በእጅ። ያ ጊዜ አይጠብቅም።

ሁሉም ሐዘን እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት የስም ሳምንት ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ የምልክት ስም ይወጣለታል፣ የሚያወጡለትም ነባሮቹ ናቸው፣ እኔ አያገባኝም። ከበው ያዩታል። ጠባሳ አለው? ሲስቅ ምን ያደርጋል? አንዱ ያቀርባል፣ ሌላው «አይሆንም፣ እሱ የእገሌ ስም ነው» ይላል፣ ክርክሩ እስከ እረፍት ሰዓት ይዘልቃል። ዘንድሮ የመጣች አንዲት ልጅ ሹሩባዋ ጫፍ ላይ ዶቃ ነበራት፣ ስሟ እሱ ሆነ። የእኔ ስም መነፅሬን ወደ ላይ የምገፋበት ነው። የአንድ ባልደረባዬ ስም ደግሞ ቦርጩ ነው። ይግባኝ ብሎ ነበር፣ ውድቅ ተደረገ።

ከስም በኋላ ፊደል። የአማርኛው ፊደል በጣት ሲጻፍ «በ» የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ እያላችሁ ስትሄዱ ቅርጹ ያው ሆኖ እጁ ነው የሚንቀሳቀሰው። ቆንጆ አሠራር ነው። ጅማ ላይ ግን ትምህርቱ በኦሮምኛ ስለሆነ ቁቤውን በላቲኑ የጣት ፊደል፣ አማርኛውን በዚህኛው፣ እንግሊዝኛውም ይከተላል። አንድ ሕፃን ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ቤቱ ሲገባ የሚያናግረው የለም።

በምዝገባው ሰሞን ከሰቃ በኩል አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። በኦሮምኛ ነው የምናወራው። «ልጄ፣ አንድ ነገር አሳይኝ» አሉኝ። «ውሃ» ወይም «እንጀራ» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ምን ሆንክ? የሚለውን» አሉ። ክረምት ላይ አንድ ሌሊት ሲያለቅስ አድሯል። ሆዱን አሞት ይሁን፣ ቅዠት ይሁን፣ ሰው መቶት ይሁን አላወቁም። እስኪነጋ አቅፈውት ተቀመጡ። አሳየኋቸው፣ እዚያው ቆመው ደጋገሙት፣ ልጁም አያቸው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም ነው፣ አንቀጽ 24 ላይ ምልክት ቋንቋ መማር በግልጽ ተጽፏል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በፈረንጆቹ 2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ጀምሯል። ጥሩ ነው፣ እሰየው። ግን ሁሉም የሚያሠለጥነው እኔን ነው። እኔ ደግሞ ልጁን የማገኘው በቀን ጥቂት ሰዓት ነው፣ ክረምት ላይ ጭራሽ የለሁም። እኚያን አያት ማን ያሠልጥናቸው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዲስ መጽሐፍ ወይስ የወላጆች የምልክት ትምህርት ብትሉኝ፣ ሳላስብ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መጽሐፍ አንብቦ የሚረዳ ልጅ እኮ መጀመሪያ ቋንቋ ያለው ልጅ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ሐሙስ ከሰዓት ጀምረናል። ቅዳሜ አይሠራም፣ ገበሬ ለቅዳሜ ብሎ ከተማ አይመጣም። ሐሙስ ግን የሂርማታ ገበያ ነው፣ ሸጦ ሸምቶ ሲጨርስ አንድ ሰዓት እኛ ጋ ይቀመጣል። ጥቅምት ከመግባቱ በፊት የቻልነውን ያህል መሄድ አለብን፣ ቡናው ከቀላ ወላጅም ተማሪም ለቀማ ላይ ነው፣ እኔም ግማሽ ባዶ ክፍል ነው የማስተምረው።

አመጣጣቸው ደህና ነው። እናቶች ይበዛሉ፣ አባቶች በር ላይ ቆመው ማየት ይወዳሉ። ባለፈው አንዱ አባት ከበሩ ሳይላቀቅ «ቲቸር፣ ‹ውሸትህን ነው› እንዴት ነው የሚባለው?» አለኝ። ልጁ ገበያ ላይ ብር ጠፋብኝ ብሎት ኖሯል። አሳየሁት። ልጁ በጣም ነው የደነገጠው፣ ከዚያ በሁለት እጁ ረጅም መከላከያ ጀመረ፣ አባትየው ምንም አልገባውም፣ ወንበር ስቦ ገባና ተቀመጠ።

ጅማ ያላችሁ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ቤት የዋለ መስማት የተሳነው ልጅ ካለ፣ ምዝገባ አልፏል ብላችሁ አትተዉት፣ ይዛችሁ ኑ። በሉ፣ መብራት ሳይሄድ ይሄን ልጫነው።