የምዝገባ ገጽ በአማርኛ ሲታሰብ

ጸሐፊው፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። የዛሬው ጉዳያችን የምዝገባ ገጽ ነው፤ አንድ ሰው ለሥልጠና፣ ለአባልነት ወይም ለአገልግሎት ስሙንና ስልኩን የሚሰጥበት ያ አንድ ገጽ። እኔ ጽሑፉን እጽፋለሁ፣ አብራኝ ያለችው እህቴ ደግሞ ገጹን ትነድፋለች፤ ስለዚህ ለዓመታት በሥራ መካከል ስንከራከርበት የቆየነውን ነገር ዛሬ በእናንተ ፊት እንነጋገርበታለን። የምጀምረው ከአንድ ሥራችን ነው። ለአንድ የሒሳብ አያያዝ የማታ ሥልጠና፣ በኢንተርኔት ለሚሰጥ፣ የምዝገባ ገጽ ሠርተን ነበር። ሥልጠናው ጥሩ ነበር፣ አስተማሪዎቹም ሥራቸውን የሚያውቁ ነበሩ፤ ገጹ ግን ሰው አላስመዘገበም።

ዲዛይነሯ፦ አዎን፣ በደንብ አስታውሰዋለሁ። ለእንግሊዝኛ የተሠራ ቴምፕሌት፣ ማለትም ዝግጁ የገጽ ቅርጽ፣ ወስደን አማርኛውን ሞላንበት። ከላይ ትልቅ ፎቶ፣ በፎቶው ላይ «ሕይወትዎን የሚቀይር ልዩ ዕድል» የሚል ርዕስ፣ ከሥሩ ደግሞ ቀይ የመመዝገቢያ ቁልፍ ነበረው። በላፕቶፔ ላይ ሳየው አምሮ ታይቶኝ ነበር። በኋላ ልትመዘገብ የፈለገች አንዲት ሴት በስልኳ ከፍታ ስታሳየኝ ግን ደነገጥኩ። ርዕሱ አራት መስመር ሆኖ በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ፊት ሸፍኖታል፤ ፊደሉ ከመወፈሩ የተነሣ ቡ ይሁን ቢ አይለይም። ሴትየዋ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ስታነብ ያየሁበት ቀን ስለ ሥራዬ ያለኝን አስተሳሰብ ለውጦታል።

ጸሐፊው፦ ፊደሉ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አስረጂልን። ብዙ ሰው «አማርኛ በኮምፒውተር ላይ አያምርም» ብሎ የሚያልፈው ነገር ነውና።

ዲዛይነሯ፦ አማርኛ በኮምፒውተር ላይ ያምራል፤ አያያዙን ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር በሚመዘገቡበት መስፈርት፣ ውስጥ ከገባ ጀምሮ በየትኛውም ዘመናዊ መሣሪያ ላይ ሊነበብ ይችላል። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቴምፕሌቱ የታዘዘበት ፎንት፣ ማለትም የፊደላቱ መልክ፣ የላቲን ፊደል ብቻ ከሆነ መሣሪያው ለአማርኛው የራሱን ፎንት ይተካል፤ በአንድሮይድ ስልክ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ በአፕል መሣሪያ ከፋ የተባለው፣ በቆየ ዊንዶውስ ደግሞ ኒያላ ሊመጣ ይችላል። የእነዚህ ስፋትና ቁመት ስለሚለያይ በአንዱ ላይ ልክ የሆነው ርዕስ በሌላው ላይ ይሰበራል። በዚያ ላይ የመጣው ፎንት ለርዕስ የሚሆን ደማቅ፣ ማለትም ወፍራም፣ ቅርጽ ከሌለው ገጹን የሚከፍተው ብራውዘር ፊደሉን ራሱ ያወፍረዋል። የላቲን ፊደል ይህን ይችለዋል፤ የእኛ ፊደል ግን ትርጉሙ ያለው በትንሿ ቅጥያ ላይ ነው። ቡ ቅጥያዋ ከወገቧ ላይ ናት፣ ቢ ደግሞ ከእግሯ ሥር፤ መስመሩ ሲወፍር ሁለቱ ይዋሃዳሉ። ጨ እና ጩ ደግሞ ከነጭራሹ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ።

ጸሐፊው፦ መፍትሔውስ?

ዲዛይነሯ፦ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ፣ በነጻ የሚገኝና ከቀጭን እስከ ደማቅ በትክክል የተሣለ ፎንት መርጦ ከገጹ ጋር መላክ ነው። ለዋናው ጽሑፍ ከ17 ፒክሰል (ፒክሰል በስክሪን ላይ ያለች ትንሿ ነጥብ ናት) አልወርድም፤ በመስመርና በመስመር መካከል ያለውን ርቀትም የፊደሉን መጠን 1.7 እጥፍ ያህል አደርገዋለሁ፤ ፊደላችን ቁመታም ስለሆነ በጠባብ መስመር ላይ ይታፈናል። ፊደልን ወደ ጎን ማዘንበልን ጨርሶ አልጠቀምም። እንግሊዝኛ አንድን ቃል ጎላ ማድረግ ሲፈልግ ትልልቅ ፊደሎቹን ያወጣል፤ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን የማሳየው በመጠን፣ በድምቀትና በባዶ ቦታ ነው። ባዶ ቦታ የሚያስፈራቸው ደንበኞች አሉ፤ «እዚህ ጋ አንድ ነገር ይጨመርበት» ይላሉ። እኔ ግን አንድን ገጽ የባለሙያ ሥራ የሚያስመስለው የተጨመረበት ነገር ሳይሆን የተቀነሰለት ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለት ቀለም፣ አንድ ፎንት፣ አንድ ቁልፍ ይበቃል።

ጸሐፊው፦ ስለ ቀለም ካነሣሽ፣ በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ አድርጎ መጻፍ አሁን በየቦታው ይታያል።

ዲዛይነሯ፦ እሱን አጥብቄ እቃወማለሁ። በዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ መሠረት በተራ ጽሑፍና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት። ይህን በነጻ የሚለኩ መሣሪያዎች ሞልተዋል። ሰው ገጹን የሚከፍተው ታክሲ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ የስልኩን ብርሃን ለባትሪ ብሎ ቀንሶ ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር ልበል፤ በአይፎን ላይ የቅጹ መሙያ ፊደል ከ16 ፒክሰል ካነሰ ስልኩ ሳይጠየቅ ገጹን ያጎላዋል፤ ተመዝጋቢው ግማሹን ቅጽ ከዓይኑ ያጣዋል። እንግዲህ ወደ አንተ ልመልሰው፤ ያንን ርዕስ ለምን ነበር የጣልከው?

ጸሐፊው፦ «ሕይወትዎን የሚቀይር ልዩ ዕድል» የሚለውን ስጽፈው ክብደት ያለው ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ያረመኝ ስልኩ ነው። ገጹን አይተው የማይመዘገቡ ሰዎች ይደውሉ ነበር፤ የሚጠይቁትም አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ስንት ነው? ስንት ወር ይፈጃል? ከሥራ በኋላ ይደርሳል ወይ? ምስክር ወረቀት አለው? ኮምፒውተር የግድ ነው ወይስ በስልክም ይሆናል? ስልኩን የምታነሣውን ልጅ ጥያቄዎቹን በደዋዮቹ አነጋገር፣ ቃል በቃል፣ በደብተር እንድትመዘግብልኝ ለመንኳት። በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩን ሳነብ አዲሱ ገጽ እዚያው ተጽፎ አገኘሁት። ርዕሱ «የሱቅዎን ሒሳብ ራስዎ መያዝ በ8 ሳምንት፣ ከሥራ በኋላ» ሆነ፤ ከሥሩ ዋጋው፣ ከዋጋው ሥር የሰዓቱ ዝርዝር፣ ቀጥሎም በስልክ ብቻ መማር እንደሚቻል የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር። የሚያሳምን ጽሑፍ ማለት ለእኔ ሰውየው በልቡ የያዘውን ጥያቄ ሳይደውል የሚመልስለት ጽሑፍ ነው።

ዲዛይነሯ፦ ዋጋን ስለ መደበቅ ግን አሁንም የሚከራከሩን አሉ። «መጀመሪያ ይመዝገቡ፣ ዋጋውን ደውለን እንነግራቸዋለን» ይላሉ።

ጸሐፊው፦ ዋጋ የተደበቀበት ገጽ አንባቢው ላይ ጥርጣሬ ይጥላል፤ «ውድ ባይሆን ይጽፉት ነበር» ብሎ ይሄዳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የሐሰት ጥድፊያ ነው። «3 ቦታ ብቻ ቀርቷል» የሚል ጽሑፍ ለወራት ሳይነሣ ይቆያል፤ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓትም ገጹ በታደሰ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ይህን ያየ ሰው የተቀረውንም አያምንም። ቦታው በእውነት ውስን ከሆነ ምክንያቱን እንጻፍ፤ «አስተማሪው የእያንዳንዱን ተማሪ መዝገብ በየሳምንቱ ስለሚያርም ከ25 ሰው በላይ አንቀበልም» የሚል ዐረፍተ ነገር እውነት ከሆነ ከማንኛውም ቆጣሪ ሰዓት ይበልጣል።

ዲዛይነሯ፦ ወደ ቁልፉ እንምጣ። እዚያች ትንሽ ቦታ ላይ አንድ ሙሉ ቀን የተከራከርንበት ጊዜ ነበር።

ጸሐፊው፦ የተገባ ክርክር ነው። እንግሊዝኛው ለወንድም ለሴትም፣ ለአንድም ለብዙም አንድ ትእዛዝ ነው ያለው። እኛ ግን ተመዝገብ፣ ተመዝገቢ፣ ተመዝገቡ፣ ይመዝገቡ እንላለን። «ተመዝገብ» ካልን የአንባቢዎቻችንን ግማሽ ትተናቸዋል። «ይመዝገቡ» አክብሮት አለው፣ ጾታም አይለይም፤ ነገር ግን ርዕሱ በእርስዎ ተጀምሮ ቅጹ «ስልክህን አስገባ» ካለ ገጹን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች የጻፉት ይመስላል። እኔ በስተኋላ የደረስኩበት ሌላ መንገድ አለ፤ ቁልፉን በተመዝጋቢው አንደበት መጻፍ ነው። «ቦታ ያዙልኝ»፣ «የሙከራውን ትምህርት ልይ»። በአማርኛ አንደኛ መደብ ወንድና ሴት አይለይም፤ አክብሮትም አይጓደልበትም።

ዲዛይነሯ፦ ይሄኛው በእውነት ደስ ያሰኘኝ መፍትሔ ነው። ስለ ቁልፍ ቃል ስናወራ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2007 የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ ያደረገው ሙከራ ይታወሰኛል። በመመዝገቢያ ገጻቸው ላይ 4 የቁልፍ ጽሑፎችንና 6 ምስሎችንና ቪዲዮዎችን አጣምረው፣ በጠቅላላው 24 ዓይነት ገጽ፣ ከ310 ሺህ ለሚበልጡ ጎብኚዎች አሳዩ። የዘመቻው ሠራተኞች የወደዱት ቪዲዮውን ነበር፤ ያሸነፈው ግን የቤተሰቡ ፎቶ ከ«ተጨማሪ ይወቁ» ቁልፍ ጋር የነበረው ገጽ ነው። የተመዝጋቢዎቹ ድርሻ ከ8.26 በመቶ ወደ 11.6 በመቶ አደገ።

ጸሐፊው፦ ከዚህ የምወስደው «ተጨማሪ ይወቁ» የሚለውን ቃል አይደለም። የእነሱ ጎብኚ ገና እያወቃቸው የነበረ ሰው ነው፤ የእኛ ጎብኚ ደግሞ ስለ ሥልጠናው ከወዳጁ ሰምቶ፣ በቴሌግራም ሊንክ የመጣ ሊሆን ይችላል። የምወስደው ገጹን የሠራው ሰው ምርጫ ብቻውን ዳኛ አለመሆኑን ነው። በቀን ጥቂት ሰው ለሚጎበኘው ገጽ ደግሞ እንዲህ ያለ የቁጥር ሙከራ አይሆንም፤ ልዩነቱ ከአጋጣሚ አይለይም። በዚያ ፈንታ ሥልጠናውን የማያውቁ አምስት ሰዎች አጠገብ ተቀምጦ፣ ምንም ሳይናገሩ፣ በራሳቸው ስልክ ሲመዘገቡ ማየት ይሻላል።

ዲዛይነሯ፦ እንደዚያ ስናይ ነው የቅጹን ችግር ያገኘነው። ቴምፕሌቱ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» ይላል። የእኛ ሰው የራሱ ስም፣ የአባቱና የአያቱ ስም አለው፤ «የመጨረሻ» በሚለው ላይ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል። በኋላ ኮምፒውተሩ «ውድ አቶ» ብሎ የአባትየውን ስም ጠርቶ ደብዳቤ ይልካል። አሁን አንድ ሳጥን ብቻ አለን፤ «ሙሉ ስም፣ በምስክር ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ በሚፈልጉት መልክ» ይላል። ኢሜይልን ከግዴታ አውጥተን ስልክን አስቀረን። የልደት ቀንንም ሰረዝነው፤ ለሥልጠናው አያስፈልግም፣ በዚያ ላይ የፈረንጆቹ 12 ወር ዝርዝር ጳጉሜን ለተወለደ ሰው ራስ ምታት ነው።

ጸሐፊው፦ የስሕተት መልእክቶቹን አትርሺ። «ልክ ያልሆነ ግቤት» ይል ነበር። ይህ አማርኛ የለበሰ እንግሊዝኛ ነው፤ የሚያነበውን ሰው ጥፋተኛ ያደርገዋል እንጂ አያግዘውም። አሁን «ስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ጎድሎታል፤ በ09 ወይም በ07 የሚጀምር 10 አሃዝ ይጻፉ» ይላል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመዘገቡም ስላሉ የአገር መለያ መምረጫ ጨመርንበት። ሰዓቱንም በእኛም በፈረንጆቹም አቆጣጠር እንጽፈዋለን፤ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በሪያድ 8 ፒ.ኤም.፣ በዱባይ 9 ፒ.ኤም. እያልን። አንዲት እህት ከዱባይ «2 ሰዓት» የሚለውን ከቀኑ 2 ፒ.ኤም. መስሏት የመጀመሪያውን ትምህርት ካመለጣት ወዲህ ይህን አንተውም።

ዲዛይነሯ፦ አንድ ነገር ላይ ደግሞ አልደራደርም፤ ቀድሞ ምልክት የተደረገበት የፈቃድ ሳጥን። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 እንዲህ ያለው ሳጥን ፈቃድ እንዳልሆነ ወስኗል፤ በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ሰው ያላለውን «አዎ» እንዳለ አድርጎ መቁጠር ነውር ነው። ሳጥኑ ባዶ ይሁን፤ ከጎኑም ምን እንደምንልክለትና በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሆነ ይጻፍ።

ጸሐፊው፦ የቀረን ከቁልፉ በኋላ ያለው ነው። ተመዝጋቢው ቁልፉን ከተጫነ በኋላ የሚያየው «ተሳክቷል» የሚል ቃል ብቻ ከሆነ፣ ደርሷል አልደረሰም እያለ ያመነታል፤ ይደውላል፣ ወይም ሁለተኛ ይመዘገባል። ስለዚህ ወዲያው አጭር የስልክ መልእክት እንልካለን። በአማርኛ የሚጻፍ አንድ የስልክ መልእክት 70 ፊደል ነው የሚይዘው፤ በእንግሊዝኛ 160 ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል፣ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ዲዛይነሯ፦ 70 ፊደል ግን ለአማርኛ ትንሽ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ነው የሚመጣው። የጻፍከውን አንብብላቸው።

ጸሐፊው፦ «ምዝገባዎ ደርሶናል። ሥልጠናው ሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይጀምራል። ጥያቄ ካለ ይደውሉልን።» ክፍት ቦታውን ጨምሮ ከ60 ፊደል ያንሳል። ከዱባይ ለሚመዘገቡት «9 ፒ.ኤም.» የሚል ሌላ ቅጂ አለው። ይህ መልእክት መላክ ከጀመረ ወዲህ «ደረሰ ወይ?» ብሎ የሚደውል ሰው አልገጠመንም፤ ልጅቷም አሁን በደብተሩ የምትጽፈው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ቀጣዩ ዙር መቼ ነው?»