የቁጠባችን ብልጠት፣ የጎረቤታችን ሂሳብ

በቱሉ ዲምቱ ለጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የእድራችን ዳኛና ሽማግሌዎች፣ ከአጎራባች ብሎኮች ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ ጎረቤቶቻችን፣

የዛሬው ጉባኤ ዋና አጀንዳ የሒሳብ ሪፖርትና የጋራ ወጪ መዋጮ ቢሆንም፣ ሪፖርቱ ከመነበቡ በፊት ስለ ቁጠባ ጥቂት እንድናገር ኮሚቴው ኃላፊነት ሰጥቶኛል። ስለ ቁጠባ የሚነገረን አብዛኛውን ጊዜ ከደመወዝ ላይ አስቀድሞ ቀንሶ ባንክ ስለማስገባት ነው፤ ያንን በሚገባ ስለምታውቁት አልደግምላችሁም። እኔ ላነሳ የፈለግሁት ማንም አሠልጣኝ የማያስተምረውን፣ እኛ ግን በታክሲ ወንበር፣ በጉልት ፊትና በጀበና ዙሪያ በየዕለቱ የምንፈጽመውን፣ ትንሽ ዓይን አውጣነት የተቀላቀለበትን ቁጠባ ነው። በዚህ ኮሚናል፣ በጋራ አዳራሻችን ውስጥ ከተቀመጥነው መካከል ከዚህ ነፃ ነኝ የሚል ካለ እጁን ያውጣ። ማንም እንደማያወጣ ስላወቅሁ የሚቀጥለውን አስቀድሜ ጽፌ መጥቻለሁ።

ይህ ሊያስደንቀን አይገባም። አብዛኞቻችን በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበን፣ ወር በገባ ቁጥር ባንክ ቤት እየተሰለፍን ቆጥበን፣ ዕጣ የወጣልን ሰዎች ነን። ቤቱ ሲደርሰን ከከተማው ጠርዝ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት አጠገብ ሆነና ሥራችን መሀል ከተማ፣ ኑሯችን እዚህ ሆኖ ቀረ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘይቱና የሳሙናው ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ ብልጠትን ልነቅፍ አልቆምኩም። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ በብልጠት የተረፈውን ብር ማን ከፈለው? ከራሳችን ጉልበት፣ ከራሳችን ምቾት ወይም ከራሳችን ኩራት ላይ የተቀነሰ ከሆነ ቁጠባ ነው፤ ከጎረቤት ኪስ የወጣ ከሆነ ግን ሌላ ስም ይፈለግለት።

በታክሲ ልጀምር። የሚኒባስ ታሪፍ እንደ ርቀቱ በእርከን የተከፈለ በመሆኑ፣ ከፌርማታው ጥቂት ወደፊት በእግሩ ሄዶ የሚሳፈር ሰው አንዳንድ ጊዜ በአነስተኛው ዋጋ ይጓዛል። ጠዋት ጠዋት ቦርሳቸውን አንግበው በአስፋልቱ ዳር የሚፈጥኑት ወጣቶች ስፖርት የሚሠሩ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። እነሱን የምናደንቃቸው ልዩነቱን የከፈለው የገዛ ጫማቸው ስለሆነ ነው። እናቶች ደግሞ ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰብ ሲጀምር እግሩ ወለል የሚነካውን ልጅ አንሥተው ጭናቸው ላይ ያስቀምጡታል። በቅርቡ በተሳፈርሁበት መኪና ውስጥ ረዳቱ ልጁን ከላይ እስከ ታች አይቶ «እናት፣ ይሄ እኮ ለረዳትነት ደርሷል» ቢላት፣ ሴትዮዋ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ «ገና ጡት አልተወም» ብትለው ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ፤ ከሁሉም የበለጠ ያፈረው ልጁ ነበር። ወንበሩን ለሌላ ተሳፋሪ እስከለቀቀች ድረስ ግን የተጎዳው የእሷ ጉልበት ብቻ ነው። «ከኋላ ተከፍሏል» ብሎ በግርግር ወርዶ መሄድ ከዚህ ይለያል፤ ባለንብረቱ የሚረከበው የቀን ገቢ ስለማይቀነስ፣ የጎደለው የሚሞላው ከሾፌሩና ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ ከሚውለው ረዳት ድርሻ ነው።

ወደ ጉልት እንለፍ። መሸት ሲል ሻጯ ያላትን ጨርሳ ወደ ቤቷ መግባት ስለምትፈልግ ዋጋው ይለዝባል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ከሥራ ሲመለስ እንጂ ጠዋት አይገዛም። የተጨፈለቀውን ቲማቲም ለስልስ ብሎ ለይቶ በርካሽ የሚወስድም ብልህ ነው፤ እሱ ቀንሶ ገዛ፣ እሷም ነገ የምትደፋውን ሸጠች። ክርክሩ የሚመጣው በምርቃቱ ላይ ነው። ከግቢያችን በር ወጣ ብሎ ካለው ጉልት አንዲት ጎረቤታችን አንድ መደብ ቲማቲም ከገዙ በኋላ ሁለት ቲማቲም ያስመርቃሉ፤ ዘንቢሉን ሳይዘጉ ቃሪያ ያስመርቃሉ፤ ሁለት እርምጃ ሄደው ተመልሰው ደግሞ «ለልጄስ?» ይላሉ። አንድ ቀን ሻጯ ትዕግሥቷ አልቆ «እትዬ፣ እንግዲያው ምርቃቱን ይግዙኝና መደቡን ልመርቅልዎ» አለቻቸው። እትዬ ራሳቸው ሲያወሩት እየሳቁ ነው፤ ሻጯም አሁን ድረስ ደንበኛቸው ናት። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ካፒታሏ በሁለት ሣጥን ውስጥ ከሚያልቅ ሴት ጋር ስለ አምስት ብር የምንሟገት ሰዎች፣ ሱፐርማርኬት ስንገባ የተሰጠንን ደረሰኝ ሳናነብ ጨምድደን እንጥለዋለን። ዓይን አውጣነታችን የሚሠራው መሬት ላይ በተቀመጠ ሰው ፊት ብቻ ከሆነ እንደ ብልጠት ሊቆጠርልን አይገባም።

ብዙ ልቆይበት የምፈልገው ምጣዱ ላይ ነው፤ ከቤታችን ዕቃ ሁሉ እንደ እሱ መብራት የሚበላ የለምና። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረበት ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ወሰደ ማለት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ የሚጋግር ቤት ደግሞ በወር ወደ 42 ኪሎ ዋት ሰዓት ለእንጀራ ብቻ ያወጣል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጀመሪያውና ርካሹ እርከን የሚያበቃው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ ነው። አምፖሉ፣ ማቀዝቀዣውና ቴሌቪዥኑ ገና ሳይቆጠሩ ምጣዱ ብቻውን እርከኑን ሊጨርሰው ጥቂት ይቀረዋል። ከመስከረም 2017 ጀምሮም ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ስለተወሰነ፣ በሚቀጥለው እርከን ውስጥ መግባት ከድሮው የበለጠ ያማል።

እናቶቻችንና እህቶቻችን ይህን ስሌት በወረቀት ባይጽፉትም በእጃቸው ያውቁታል። ሊጡ ሳያልቅ ሶኬቱን ነቅለው የመጨረሻዎቹን እንጀራዎች በትርፉ ሙቀት ያወጣሉ፤ እንጀራው ካለቀ በኋላም ምጣዱ እስኪበርድ ገብስ ያምሱበታል፣ ለድርቆሽ የሚሆነውን እንጀራ ያደርቁበታል። ከዚህ የሚበልጠው ዘዴ ግን ልጅ መላክ ነው። ልጁ ደረጃውን በሩጫ ወደ ጎረቤት ወጥቶ «እማዬ ምጣዳችሁ እንደጋለ ነው ወይ ብላለች» ይላል፤ መልሱ አዎ ከሆነ እናቱ የሊጥ ባልዲዋን ይዛ ትከተላለች። ቀዝቃዛ ምጣድ ለእንጀራ እስኪደርስ የሚበላው መብራት አንድም እንጀራ ሳይወጣበት የሚያልፍ ስለሆነ፣ ሁለት ቤት በአንድ ግለት ቢጋግር ያ ብክነት በግማሽ ይቀንሳል። እስካሁን ያለው ሁሉ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ቆጣሪው የባለምጣዷ ነው። የሁለት ቤት እንጀራ በአንድ ቆጣሪ ሲያልፍ እንግዳዋ በርካሹ እርከን ውስጥ ትቀራለች፣ ባለቤቲቱ ደግሞ ወደ ላይኛው ትገፋለች፤ በወሩ መጨረሻ «ምን በላብኝ?» እያለች ቆጣሪውን ታማለች እንጂ ባልዲውን አታስታውስም። ሁልጊዜ በአንድ ቤት ምጣድ መጋገር ወዳጅነት ቢመስልም ሂሳቡ አንድ ወገን ላይ ያረፈ ነው። በዚህ ሳምንት እኔ ቤት፣ በሚቀጥለው አንቺ ቤት ከተባለ ግን ሁለቱም ያተርፋሉ።

ስለ ቡና ስናገር አንዳንዶቻችሁ እርስ በርሳችሁ እንደምትተያዩ አውቃለሁ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ አንዱን ቡና ሦስት ጊዜ ማፍላት ራሱ ቁጠባ ነው፤ ዋጋው ሲወደድም ገብስ ቆልቶ የሚቀላቅልበት ቤት እንዳለ ሁላችንም ቀምሰን እናውቃለን፣ በጨዋነትም ዝም እንላለን። ብልጠቱ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። ከብሎካችን አንድ ጋሼ አሉ፤ የማን ቤት ቡና መቼ እንደሚቆላ ከሽታው ይለያሉ፤ ጀበናው ሊወርድ ሲል «እንዴት ዋላችሁ» ብለው በር ላይ ይደርሳሉ፤ ቶና ላይም ሆነ በረካ ላይ ደርሰው አያውቁም፣ ሁልጊዜ አቦል ላይ ናቸው። የእሳቸው ቤት ጀበና ደግሞ ከዓመት በዓል በስተቀር እሳት አያይም። ሆኖም ማንም አይቀየማቸውም። ምክንያቱን ስመረምረው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ አካባቢውን በእግራቸው ስለሚያዳርሱ፣ በየትኛው ሸማቾች ዘይት እንደገባ፣ በእሁድ ገበያ ሽንኩርት በስንት እንደዋለ፣ ወደ ገላንና ዱከም በኩል ጤፍ ቀንሶ እንደሆነ አጣርተው ይመጣሉ። በእሳቸው ወሬ የተረፈው ገንዘብ ከጠጡት ሲኒ ሁሉ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ወሬም፣ አንድ ጭብጥ ቆሎም፣ ለማጨሻ የሚሆን ዕጣንም ሳይዝ በየቤቱ የሚዞር ሰው ሲመጣ ግን ሴቶቻችን ራሳቸው ሥርዓቱን ያውቁበታል፤ «ነገ ደግሞ ያንቺ ተራ ነው» የምትለዋ ቃል ስታልፍ በሳቅ ታጅባ ነው፣ ትርጉሟ ግን አያስቅም።

ስልኩን በአጭሩ ልለፈው። አንዴ ጠርቶ ሲቋረጥ «ደርሻለሁ»፣ ሁለቴ ሲሆን «በሩን ክፈቱ» የሚል የሚስኮል ስምምነት የሌለው ቤተሰብ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም፤ ቴሌም አይከስርበትም። በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት ዋይፋይ ላይ የሚቀመጡትን ወጣቶች በተመለከተ ደግሞ፣ ካፌው ባዶ ሲሆን ቤቱን ሰው ያለበት ያስመስላሉ፣ ሲሞላ ቢነሡ ይበቃል።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ባህላችን ብልጦች መኖራቸውን አስቀድሞ አውቆ መጠበቂያ አበጅቷል። በቅርጫ በሬ ሲታረድ መደቡን የሚያደላድለው ሰው ሽንጡንና ሻኛውን የትኛው መደብ ላይ እንዳደረገ ያውቃል፤ የራሱን መርጦ እንዳያነሣ ግን ዕጣ ይጣላል፣ ዕጣ ባይኖር የደላዳዩን እጅ ማን ይጠብቀው ነበር? በእቁብም እንደዚሁ፣ ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል። ለቡናውም ተራ አለ። ሁሉም የተሠሩት ሰው ሌባ ነው ተብሎ ሳይሆን፣ የተቸገረ ሰው ብልጥ እንደሚሆን ታስቦ ነው።

ዕጣም ዋስም ተራም ያልተበጀለት ይህ ሕንፃችን ነው። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መገልገያውን ወጪ ባለቤቶቹ በጋራ እንዲሸፍኑ ያደርጋል፤ የደረጃው መብራት ቆጣሪ የሁላችንም ነው ማለት ነው። እኛ ግን ከደረጃው መብራት መስመር ኤክስቴንሽን ወደ ቤት ተስቦ፣ ስልክ ከመሙላት አልፎ ስቶቭ ሲጣድበት አይተናል። የጣደው ሰው ለራሱ ቆጥቧል፤ የቆጠበውን በሙሉ እኛ በመዋጮ መልክ እንከፍለዋለን፣ ጡረተኛዋ መበለትም ጭምር። ውኃ በፈረቃ ሲለቀቅም ከታች ያለ ፓምፕ መስመሩን ስቦ ሮቶውን ሲሞላ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ቤት ቧንቧው ነፋስ ይተፋለታል፤ እዚያ ያሉ እናት ጀሪካን ገዝተው፣ ለተሸካሚ ከፍለው ያስወጣሉ። ከታች የተረፈው የውኃ ወጪ በእሳቸው በኩል ሁለት እጥፍ ሆኖ ወጣ። ጉልት ላይ ቃሪያ ማስመረቅንና ይህንን በአንድ ስም መጥራት አልችልም።

የሰዎቹን ስም አላነሣም፣ ማንም እንዲያነሣም አልፈቅድም፤ የመጣነው ሥርዓት ለማበጀት ነው። ኮሚቴው ለውሳኔ ያቀረባቸው ሐሳቦች በእጃችሁ ባለው ወረቀት ሁለተኛ ገጽ ላይ ሠፍረዋል። በመጀመሪያ፣ የደረጃው መብራት መስመር ሶኬት እንዳይወጣበት ተደርጎ ሳጥኑ እንዲቆለፍና ቁልፉ በየወሩ ከአንዱ ወለል ወደ ሌላው በተራ እንዲያዝ። ቀጥሎ፣ ውኃ በሚለቀቅበት ቀን የላይኞቹ ወለሎች እስኪሞሉ ማንኛውም ፓምፕ እንዳይነሣ፣ ሰዓቱም በር ላይ እንዲለጠፍ። የምጣዱን ነገር ለማስገደድ አይመችም፤ ፈቃደኛ የሆኑ ጎረቤታሞች ሁለት ሁለት እየሆኑ በየሳምንቱ ቤት እየቀያየሩ እንዲጋግሩ ስማቸውን ኮሚናሉ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ይጻፉ። የመብራቱን መስመር ለሚያስተካክለው ሠራተኛና ለቁልፉ የሚያስፈልገው ወጪ ከመዋጮው ውስጥ የተያዘ ስለሆነ ተጨማሪ አይጠየቅም።

ድምፅ የምንሰጠው ከሪፖርቱ በኋላ ነው። አሁን ገንዘብ ያዣችን መድረኩን ይረከባሉ፤ ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።