ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ነፋሱስ ከየት ይነሣል?

[በስክሪኑ ላይ፦ የወንዝ ዳር አለት፣ አጠገቡ የሚፈስ ውኃ፣ እኩለ ቀን]

በእኩለ ቀን በባዶ እግሩ አለት የረገጠ ሰው እግሩን ፈጥኖ ያነሣል፤ እዚያው አጠገብ ያለው ውኃ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ አለቱ ሲበርድ ውኃው የቀኑን ሙቀት ብዙም ሳይለቅ ያድራል። ሁለቱም የዋሉት በአንድ ፀሐይ ነው።

አንድ ኪሎ ግራም ውኃን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ፣ ያንኑ ያህል ደረቅ አሸዋ ከሚፈልገው አምስት እጥፍ ገደማ ኃይል ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የፀሐይ ብርሃን ጥርት ባለ የባሕር ውኃ ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር ዘልቆ ይገባል፤ ማዕበሉም ሙቀቱን እያማሰለ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ከፊሉ ደግሞ በትነት ይሄዳል። በየብስ ላይ ግን የአንድ ቀን ሙቀት ከላይኛው ስስ የአፈር ሽፋን ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የብስ ቶሎ ሞቆ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውቅያኖስ ግን ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ወራት ይፈጅበታል።

[ካርታ፦ ቦዶና ቬርኮያንስክ፣ በአንድ የኬክሮስ መስመር አካባቢ]

የኖርዌዩዋ ቦዶና የሳይቤሪያዋ ቬርኮያንስክ ከምድር ወገብ እኩል በሚባል ርቀት፣ 67 ዲግሪ ሰሜን ላይ ይገኛሉ። በባሕር ዳሯ ቦዶ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ ብዙም አይወርድም። ከውቅያኖስ ተጽዕኖ ርቃ በምትገኘው ቬርኮያንስክ ግን ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1892 ከዜሮ በታች 67.8 ዲግሪ፣ በጁን 2020 ደግሞ ከዜሮ በላይ 38 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ በመካከላቸው ከ100 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ፣ ብዙ ማብራሪያዎች ችላ ብለው የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፦ ለባሕር መቅረብ ብቻውን በቂ አይደለም። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ባለችው ሲያትልና በምሥራቅ ባለችው ዋሽንግተን ዲሲ ዘመድ ያለው ሰው ይህን በስልክ ሳይሰማው አይቀርም። ሲያትል ከዲሲ በስምንት ዲግሪ የሚበልጥ ወደ ሰሜን ርቃ ሳለ፣ የጃንዋሪ አማካይዋ 6 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የዲሲው 3 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዲሲም ብትሆን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ብዙም አትርቅም፤ ነገር ግን በዚያ ኬክሮስ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ሲያትል የፓስፊክን አየር ስትቀበል ዲሲ የምትቀበለው ሰፊውን አህጉር አቋርጦ የመጣውን ነው። ከሲያትል በስተምሥራቅ ያሉት የካስኬድ ተራሮችም የመሐል አገሩን ብርድ ያግዱላታል።

ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ የዘገየውን ውቅያኖስ በግልጽ ታሳያለች። ዲሲ በጁላይ በ27 ዲግሪ አማካይ ሙቀት ስትጋይ፣ በተቀራራቢ ኬክሮስ ያለችው ሳን ፍራንሲስኮ 16 ዲግሪ አካባቢ ላይ ትቆያለች። ከጥልቁ ወደ ላይ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውኃና ጉም ያበርዷታልና፣ ሞቃቱ ወሯ የሚመጣው በሴፕቴምበር ነው። በጁላይ ቁምጣ ለብሶ የሄደ እንግዳ ሹራብ ፍለጋ ገበያ መውጣቱ የተለመደ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ ምድር በፀሐይ ዙሪያ፤ ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ይደምቃል]

አሁን መላዋን ምድር እንያት። ምድር ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሚደርሳት ብርሃን በጁላይ ከሚደርሳት በ7 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሆኖም የመላዋ ምድር አማካይ ሙቀት ከፍ የሚለው በጁላይ ነው፤ ከጃንዋሪው በ4 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ከሰሜኑ ንፍቀ ክበብ 39 በመቶ ያህሉ የብስ ሲሆን፣ በደቡቡ ግን የብሱ 19 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በጃንዋሪ ወደ ፀሐይ የሚያዘነብለው ደቡቡ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የሚመጣው ትርፍ ብርሃን በአብዛኛው የሚያርፈው ለመሞቅ በማይቸኩለው የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ውቅያኖስ ላይ ነው፤ የጁላይ ፀሐይ ግን የምታገኘው እንደዚያ በባዶ እግር የረገጥነውን አለት ነው።