ድምፁን እኩል ሳታደርጉ ሄድፎን አታወዳድሩ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ፕሮግራማችን ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሄድፎን ነበሩ። ከባህር ዳር ከሽምብጥ፣ ከፋሲሎ፣ ከፖሊ ካምፓስ፣ ከዘጌም ተደውሏል። አየር ላይ ሰዓቱ ስላልበቃን መልሱን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፣ ከሽምብጥ፦ «ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 እና ባለ 80 ኦም ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 አለኝ። እያቀያየርኩ ሳዳምጥ ሁሌም ዲቲው ጥርት ያለ ይመስለኛል። ጓደኞቼ ግን የሚያደንቁት ኤችዲ 600ን ነው። ችግሩ ከጆሮዬ ነው?»

ጆሮህ ደህና ነው ወንድሜ። ችግሩ ያለው አወዳደርህ ላይ ነው። ሁለቱንም ቮልዩሙን ሳትነካ እየነቀልክ ነው የምትሰካቸው፣ አይደል? ኤችዲ 600 ባለ 300 ኦም ነው። ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው፤ ተቃውሞው ሲበዛ ሄድፎኑ ከዚያው ቮልዩም የሚያገኘው ኃይል ያንሳል። በዚያው ቮልዩም ዲቲው ከፍ ብሎ ይሰማል። ጆሯችን ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለውን ድምፅ «ጮኸ» ብሎ አይነግረንም። «ጠራ፣ ሞላ» ነው የሚለን።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። በ1933 እ.ኤ.አ. ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝግ ሲል ጆሯችን ከመሃለኛው ድምፅ ይልቅ ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ አብልጦ ያጣዋል። ቮልዩሙ ሲጨምር ቤዙ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ሄድፎን ሌላውን በ2 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ብቻ ቢበልጥ እንኳ፣ ገና ሳይጀመር አሸንፏል ማለት ነው። የድምፅ መጠኑ ሳይስተካከል የተደረገን ውድድር እኔ ከቁም ነገር አልቆጥረውም። ኢንተርኔት ላይ የምታነባቸው «ሌሊትና ቀን ነው ልዩነቱ» የሚሉ ብዙዎቹ አስተያየቶችም መነሻቸው ይኸው ነው።

ለማስተካከል ውድ ዕቃ አያስፈልግህም። ጠንካራ ካርቶን ከሄድፎኑ ስፖንጅ ሰፋ አድርገህ ቁረጥ። መሃሉ ላይ የስልክህን ማይክ የሚያህል ቀዳዳ ብሳ። ማይኩን ከታች በቀዳዳው ትክክል አስቀምጥና ሄድፎኑን ከላይ አስተኛው። ስፖንጁ ዙሪያውን ካርቶኑ ላይ በደንብ መቀመጥ አለበት፤ አየር ከገባ ንባቡ ይዛባል። ከዚያ ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን የሹሹታ ድምፅ ክፈት። ቢቻል ከ500 እስከ 2000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ ነው) ብቻ የያዘውን ፈልግ፤ ቤዙ በመታፈን ልዩነት በቀላሉ ይለዋወጣልና። ነፃ የድምፅ መለኪያ አፕ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ጻፍ። ሁለተኛውን ሄድፎን አስተኛና ቁጥሩ ከመጀመሪያው ጋር እስኪገጥም ቮልዩሙን አንቀሳቅስ። ስልኩ የሚያሳየው ቁጥር በራሱ ትክክል ባይሆንም ግድ የለም፤ የምንፈልገው ልዩነቱን ነው። ከግማሽ ዴሲቤል በታች ካደረስከው ለቤት በቂ ነው። ለእያንዳንዱ ሄድፎን የደረስክበትን የቮልዩም ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍር።

ቀጥለህ በደንብ የምታውቀውን የሰው ድምፅ ያለበትን ዘፈን ምረጥ። ሙሉውን አትስማ። 15 ሰከንድ የሚሆን ቁራጭ ደጋግመህ ክፈትና ቶሎ ቶሎ አቀያይር። የድምፅ ትዝታ በሰከንዶች ውስጥ ይደበዝዛል። ትናንት የሰማኸውን ዛሬ ከምትሰማው ጋር ማወዳደር አይሆንም።

እንዲህ ስታደርግ ምን እንደምታገኝ ልንገርህ። ኤችዲ 600 ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ነው። የሰው ድምፅ ላይ ታማኝ ነው፤ ከታች ያለው ጥልቅ ቤዝ ግን ይሳሳል። ዲቲ 770 ዝግ ነው፤ ቤዙም ትሬብሉም (ቀጭኑ ድምፅ) ገፋ ተደርጓል። ጥርት ያለ የመሰለህ ያ የተገፋ ትሬብል ነው። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ንግግርና ሙዚቃ የማስተካክለው በኤችዲ 600 ነው። ዲቲውን ቀረጻ ላይ እጠቀምበታለሁ፤ ዝግ ስለሆነ ድምፁ ወደ ማይኩ አያመልጥም።

ጥያቄ፣ አንድ አባታችን ከበላይ ዘለቀ አካባቢ፦ «በተለይ በጾም ወቅት በገና አዳምጣለሁ። ልጄ ከውጭ አገር ዲቲ 990 የሚባል ላከልኝ። ጥራቱ ደስ ይላል። ግን የእንዝራው ንዝረት ጆሮዬን ይወጋኛል፤ ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ ወደ ኋላ ይቀርብኛል። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?»

አባቴ፣ ዕቃው ደህና ነው፤ እርስዎም ያስተዋሉት ነገር እውነት ነው። የበገናን ድምፅ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ጉድለት ወዲያው ነው የሚታወቀው።

በገና 10 ክር አለው። እያንዳንዱ ክር ብርኩማው ላይ ሲያርፍ እንዝራው፣ ማለትም ትንሿ ቁራጭ ቆዳ፣ በመካከል ትገባለች። ክሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካካ ይርገበገባል። ያ «ዝዝዝ» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ በአንድ ምት ውስጥ ከታች ጥልቅ የሆነው መሠረታዊ ድምፅ አለ፤ ከላዩ ደግሞ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ተደራርበውበታል። ሄድፎኑ ታችኛውንና ላይኛውን በትክክለኛው ሚዛን ካላቀረበ በገናው በገና አይመስልም። ሄድፎን ለመፈተን ከአገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች ከበገና የሚሻል አለ ብዬ አላምንም። ማሲንቆና ዋሽንት መሃለኛውን ድምፅ በደንብ ያሳያሉ፤ በገና ግን ሁለቱንም ጫፍ በአንዴ ይፈትናል።

ዲቲ 990 ትሬብሉ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። በተለይ 8000 ኸርዝ አካባቢ ጎላ ያለ ጉብታ አለው። የእንዝራው የላይኛው ንዝረት እዚያ ላይ ሲያርፍ ይወጋል። ወፍራሙ ድምፅ ያነሰ የመሰለዎትም ላይኛው ስለበለጠበት ነው።

መፍትሔው ኢኳላይዘር፣ ማለትም ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። ልጅዎ ወይም የሰፈር ወጣት ያግዝዎት። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ አንድሮይድ ስልክ ላይ ዌቭሌት አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ከሆነ መሃሉን 8000 ኸርዝ፣ ቅነሳውን 4 ወይም 5 ዴሲቤል፣ ስፋቱን፣ ፕሮግራሙ ላይ «ኪው» የሚለውን፣ 2 ያድርጉት። የእያንዳንዳችን ጆሮ ቅርፅ ስለሚለያይ ጉብታው በትክክል የት ላይ እንደሚወጋዎት ራስዎ ይፈልጉት። ከ5000 እስከ 10000 ኸርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ድምፅ ዝግ አድርገው ይክፈቱ። በድንገት የሚጮኽበት ቦታ ላይ ቁጥሩን ይያዙ። ቅነሳውን እዚያ ላይ ያድርጉ።

ቤዝ ለመጨመር አይቸኩሉ። ላይኛው ሲቀንስ ታችኛው ራሱ ብቅ ይላል። ከዚያም በኋላ ካነሰዎት 2 ዴሲቤል ይጨምሩና አጠቃላይ ድምፁን በዚያው ልክ ይቀንሱ፤ ያለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል።

ይሄ ዕቃውን እንደ መናቅ አይቁጠሩት። አምራቾቹም ራሳቸው የሚያደርጉት ነው። ሴንሃይዘር በ2009 እ.ኤ.አ. ኤችዲ 800ን ሲያወጣ 6000 ኸርዝ አካባቢ ተመሳሳይ ጉብታ ነበረው። ባለቤቶቹ ጨርቅና ስፖንጅ እየቆረጡ ውስጡ ላይ ይለጥፉ ነበር። በ2016 ኩባንያው ራሱ ያንን ጉብታ የሚውጥ ክፍል ጨምሮ ኤችዲ 800 ኤስን አወጣ። አንድ ነገር ብቻ ላክል፤ በሌላ ሄድፎንም ሆነ በስፒከር ከፍተኛ ድምፅ የሚያምዎት ከሆነ የጆሮ ሐኪም ይዩ።

ጥያቄ፣ ተማሪ እህታችን ከፖሊ፦ «የሄድፎኔ ስፖንጅ ቆዳው ተላጦ አለቀ። ከገበያ ሌላ ገዝቼ ቀየርኩ፤ ቤዙ ጠፋ። አጭበርብረውኝ ነው?»

ላያጭበረብሩሽ ይችላሉ። ብዙ ሰው ስፖንጁን የምቾት ዕቃ አድርጎ ነው የሚያየው። ስፖንጅ ግን የድምፁ አንድ አካል ነው። ውፍረቱ ጆሮሽ ከስፒከሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ይወስናል። ሽፋኑ ቆዳ ከሆነ አየር ያፍናል፤ ቤዝ ይይዛል። ከፋይ መሰል ጨርቅ ከሆነ አየር ያሳልፋል፤ ቤዙ ይሳሳል። የገዛሽው ጨርቅ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። ቆዳ መሳይ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን በእጅሽ ተጫኚው። ስትጫኚው ቤዙ ተመልሶ ከመጣ የሆነ ቦታ አየር እየወጣ ነው።

አየር የሚወጣው ከስፖንጁ ብቻ አይደለም። የመነጽር ዘንግ ክፍተት ይፈጥራል። ወፍራም ሹሩባ የተሠራሽ ቀንና ፀጉርሽን የፈታሽ ቀን ያንኑ ዘፈን ብትሰሚ የቤዙ ልዩነት በደንብ ይሰማሻል፤ ዝግ ሄድፎን ላይ በተለይ። በባህር ዳር ሙቀት ቆዳ መሳዩ በላብ ቶሎ ይላጣል። ከተጠቀምሽ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፣ ላብ ሳይደርቅም ቦርሳ ውስጥ አትክተቺው። የሚቻል ከሆነ የአምራቹን ስፖንጅ ግዢ፤ ውድ ቢሆንም ሄድፎኑን ወደ ተሠራበት ድምፅ የሚመልሰው እሱ ነው።

አጫጭር ጥያቄዎች። ኬብል መቀየር ድምፁን ያሻሽላል ወይ ላሉን፦ የተበላሸ ካልሆነ አያሻሽልም። 300 ኦም ላለው ሄድፎን የኬብሉ ተቃውሞ ከቁጥር አይገባም። ያንን ብር ለስፖንጅ አውሉት። ሄድፎን 100 ሰዓት ከተጫወተ በኋላ ድምፁ ይከፈታል፣ ማለትም ይሻሻላል ወይ፦ በአብዛኛው የሚለወጠው ስፖንጁና የእኛ ልማድ ነው። ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሲሆን «እንንን» የሚል ድምፅ ለሚሰማው ወንድማችን፦ ቻርጀሩን ንቀለውና ሞክር። ከጠፋ ችግሩ ከመሬት መስመሩ ነው። መሬት ያለው ሶኬት ተጠቀም፤ ካልሆነ በባትሪ አዳምጥ።

ጥያቄ፣ ከፋሲሎ፦ «ሃይፊማን ሰንዳራ አለኝ። ከፍቼ ውስጡ ጥጥ ብጨምርበት ድምፁ ይሻሻላል ይላሉ። ልሞክረው?»

ጥጥ አትክተት። ሰንዳራ ውስጥ ያለው በማግኔቶች አጠገብ የተወጠረ እጅግ ስስ ሽፋን ነው። ማግኔቱ ኃይለኛ ነው። ብሎን መፍቻህ ከእጅህ አምልጦ ቢሳብ ሽፋኑን ይቀደዋል፤ የተቀደደ ደግሞ አይጠገንም። መነካካት ከፈለግክ የሚመለስ ነገር ብቻ አድርግ፦ ሌላ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ ሥር የሚገባ ስስ ጨርቅ። ከመጀመርህ በፊት ፎቶ አንሳ።

አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ድምፁን ሞኖ፣ ማለትም ግራውም ቀኙም አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲያወጡ፣ አድርገህ ክፈት። የዘፋኙ ድምፅ ልክ ከመሃል መምጣት አለበት። ከዚያ ለውጡን በግራው ላይ ብቻ አድርግና እንደገና ስማ። ድምፁ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ወይም ግራና ቀኙ የተለያየ ቀለም ካመጣ ለውጡ እውነተኛ ነው። ምንም ካልተሰማህ ጨርቁን አውጣው። ስታክስ የሚባለው ሄድፎን ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ እሱን በጭራሽ አትክፈቱ፤ 580 ቮልት ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፣ ከዘጌ፦ «ባህር ዳር በጀልባ እመላለሳለሁ። ኤችዲ 650 አድርጌ ስሄድ ሞተሩ ሁሉን ይውጠዋል። ምን ዓይነት አምፕሊፋየር ልግዛ?»

አምፕሊፋየር አትግዛ። ኤችዲ 650 ጀርባው ክፍት ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ቀጥታ ይገባል። አንተ ደግሞ ከሞተሩ በላይ ለመስማት ቮልዩም ትጨምራለህ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ጥሩ አምፕሊፋየር ጆሮህን ቶሎ ከመጉዳት በቀር ጀልባው ላይ የሚፈይደው የለም።

ለጀልባው ጫጫታ የሚቀንስ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ግዛ። ይሄ ቴክኖሎጂ ጎበዝ የሆነው ልክ እንደ ሞተር ባለ ወፍራምና የማይቋረጥ ድምፅ ላይ ነው። ጀልባው ሲነሳና ወደብ ሲጠጋ አንዱን ጆሮ ክፍት አድርግ፤ የጀልባ ነጂው የሚለውን መስማት አለብህ። ኤችዲ 650ው ቤት ይጠብቅህ፤ ማታ ሐይቁ ዳር ጸጥ ሲል ለእሱ የሚሆነው ሰዓት ያ ነው።