የግራር ስም ማን ወሰደው?

የተከበራችሁ የችግኝ ማፍላት ባለሙያዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንኳን ለዓመታዊ ስብሰባችን አደረሳችሁ።

የተጋበዝሁት ስለ ክረምቱ ዝግጅት እንድናገር ነው። እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን በሆዴ የያዝሁትን ላውጣ።

ባለፈው ሰኔ አንድ መሥሪያ ቤት 400 የባዝራ ግራር ችግኝ አዘዘኝ። ልፋቱን ታውቁታላችሁ፤ ዘሩን የፈላ ውኃ አፍስሶ ማሳደር፣ ያበጠውን ለይቶ በየፕላስቲኩ መዝራት፣ ሥሩ መሬት እንዳይዝ እያነሡ መቁረጥ፣ በእሾኹ መወጋት። ስንዝር ተኩል ሲሞላቸው ጭኜ ወሰድኋቸው። ተረካቢው ወጣት ወረቀቱን አየ፣ መለያ ካርዱን አየ። «አባባ፣ ያዘዝነው ቫቼሊያ አቢሲኒካ ነው፤ ይህ አካሺያ አቢሲኒካ ይላል» አለኝ። ልጄ፣ ዛፉ አንድ ነው፣ ሳይንሳዊ ስሙ ነው የተለወጠው ብለው አልሰማኝም። ቅጠሉን ቀንጥሼ እጁ ላይ አኖርሁለት። እርሱ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። መኪናው እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ቆመ፤ ችግኞቼ ጠውልገው ወደ ቤት ተመለሱ።

አካሺያ ግሪኮች ለግብፅ እሾኻማ ግራር የሰጡት ስም ነው። ተመራማሪዎች አካሺያ የተባለው የዛፎች ወገን መከፈል አለበት አሉ፤ ይከፈል። በ2005 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የእጽዋት ጉባኤ ግን ስሙን ለአውስትራሊያዎቹ ዛፎች ሰጠ፤ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች ስላሏቸው። የእኛ ባዝራ ግራር ቫቼሊያ ተባለ። ድምፅ ከሰጡት ከግማሽ በላይ ተቃውመው ነበር! የቀረበውን ሐሳብ ለመሻር 60 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል ተብሎ ውሳኔው ጸና፤ በ2011 ሜልቦርን ላይም አልተነካም። ዛሬ አዊ ውስጥ ለከሰል የሚተከለው፣ እሾህ የሌለው የአውስትራሊያ ዲከረንስ አካሺያ ነው። የእኛ ግራር አይደለም! ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ዋንዛን ኮርዲያ አቢሲኒካ ብለን ለመድን፤ አፍሪካና ሆነ። ዝግባ ከፖዶካርፐስ ወደ አፍሮካርፐስ ዞረ። የጥብስ ቅጠልም ሳልቪያ ተብሏል።

ሳይንቲስቶች ይመርምሩ፣ ያርሙ። የገበሬ ላብ ግን በስም ለውጥ አይመለስ። የትእዛዝ ወረቀት ሁሉ የአማርኛውን ስም ያስቀድም፤ ቀጥሎ አዲሱንና የቀድሞውን ጎን ለጎን ይጻፍ።

ክረምቱን በተመለከተ፣ አፈርና ፕላስቲክ ከአሁኑ አዘጋጁ፤ የዘሩንም ንጽሕና አረጋግጡ። የትእዛዝ ወረቀቱን ናሙና በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ አንብባችሁ ፈርሙበት።