«ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» አትበሉ

ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሞርፊን፣ ኮዴይን፣ ሄሮይንና ፈንታኒል ነው፤ ሁሉም ሕመም የሚያስታግሱ፣ ግን ሱስ የሚያስይዙ የአንድ ወገን መድኃኒቶች ናቸው። ከሁሉ በፊት ግን እነዚህን በጅምላ አልኮንንም። በካንሰር ሕመም ለሚሰቃይ ሰው ሞርፊን መከልከል በእኔ እይታ ግፍ ነው።

አንጎላችን የራሱን ማስታገሻ ያመርታል፤ ኢንዶርፊን ይባላል። ማረፊያዎቹ በአንጎል፣ በህብለ ሰረሰርና በአንጀት ላይ አሉ። ሞርፊን ሲገባ እነዚሁ ላይ ያርፋል። ሄሮይንም ቢሆን አንጎል ከደረሰ በኋላ መልሶ ሞርፊን ይሆናል። ያኔ ሕመሙ ይርቃል፣ ዶፓሚን የሚባለው የደስታ ስሜት የሚሰጥ የአንጎል ኬሚካል ይጨምራል፣ ሰውየው ደስ ይለዋል። ሆዱ ግን ይደርቃል። የዓይኑ ብሌን ጠብባ የመርፌ ጫፍ ታክላለች።

የሚገድለው የትንፋሹ ጉዳይ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደም ውስጥ ሲጠራቀም፣ ተኝተን እንኳ «ተንፍስ» የሚል ክፍል ከአንጎላችን ሥር አለ። መድኃኒቱ ይህን ክፍል ያደነዝዘዋል። ሰውየው አይጨነቅም፣ አይንፈራገጥም፤ ዝም ብሎ ትንፋሹ እየራቀ ይሄዳል። እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ቤተሰብ ደግሞ «ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» ይላል። ኧረ ቀስቅሱት! ካልነቃ ቶሎ አምቡላንስ ጥሩ፤ ናሎክሶን ካለ ስጡት። ናሎክሶን መድኃኒቱን ከማረፊያው ገፍቶ ያስለቅቀዋል፤ ትንፋሽም በደቂቃዎች ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ብቻ ነው። «ነቃ፣ ተመስገን» ብላችሁ ትታችሁት እንዳትሄዱ፤ ናሎክሶኑ ሲያልቅ ትንፋሹ መልሶ ሊደክም ይችላል።

ሰውነት ይህን ነገር ይለምዳል። ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ አይበቃም። ሲቋረጥ ደግሞ ማዛጋት፣ ንፍጥ፣ ተቅማጥ፣ ቁርጥማትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። «ወኔ ቢኖረው ይተወው ነበር» የሚሉ ሰዎች፣ በእውነት፣ ያናድዱኛል።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ለሳምንታት ያቆመ ሰው ሰውነቱ መጠኑን የመቻል ልምዱን ያጣል፤ ፍላጎቱ ግን አብሮ አይጠፋም። ከእስር ወይም ከማገገሚያ ወጥቶ የድሮውን መጠን ቢወስድ፣ ያው መጠን ሊገድለው ይችላል። በሐኪም ክትትል የሚሰጡት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን፣ ከዚሁ ወገን የሆኑ ግን ፍላጎቱን የሚያረግቡ መድኃኒቶች፣ የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። «ሱስን በሱስ መተካት ነው» ይባላል። እኔ አልስማማም፤ የሞት አደጋን እንደሚቀንሱ በጥናት ተረጋግጧል።

ከማገገሚያ የወጣ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ይህን ሳታፍሩ ንገሩት። አሁን ጥያቄ ካላችሁ ልቀበል።