ታናሽ ወንድሙስ?

ክቡራን መምህራኖቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሬዚደንቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ሉኮዲስትሮፊ ኤምአርአይ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። በዘር ስለሚተላለፉት የአንጎል ነጭ ክፍል በሽታዎች። ሁሉንም ላውራ ብል ቡናው ይበርዳል። አንዱ ላይ ልቆይ።

የ7 ዓመት ልጅ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ከዚያ ጽሕፈቱ ተበላሸ፤ ሲጠሩትም የማይሰማ ሆነ። አስተማሪው ‹‹ሰነፈ›› አለ። ቆዳው ጠቆረ፤ ጎረቤት ‹‹የአዘዞ ፀሐይ ነው›› አለ። እናቱ ጠበል ወሰደችው። አልፈርድባትም፤ እኛ ምን ሰጠናት?

በመጨረሻ ሌላ ከተማ ኤምአርአይ ተነሣ። ለውጡ በአንጎሉ የኋላ ክፍል፣ በግራም በቀኝም ይታያል። ሁለቱን ወገን የሚያገናኘው የኮርፐስ ካሎሰም የኋላ ጫፍም ተነክቷል። ኮንትራስት (በደም ሥር የሚሰጠውን ማድመቂያ) የወሰደው ዳር ዳሩ ብቻ ነው፤ በሽታው እየገፋ የሚሄድበት ግንባር። ከሉኮዲስትሮፊዎቹ አንዱ፣ የለየለት አድሬኖሉኮዲስትሮፊ! ሪፖርቱስ? ‹‹የነጭ ክፍል ለውጥ አለ።›› ፊርማ፣ ማኅተም፣ አለቀ።

ጂኑ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። እናት ተሸካሚ ከሆነች፣ እያንዳንዱ ወንድ ልጇ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ታናሽየው ኮሪደሩ ላይ ይሯሯጥ ነበር። ‹‹የሱም ደም ይታይ፣ በዚህ በሽታ የሚከማቹት በጣም ረጃጅም የስብ አሲዶች ይለኩ›› ያለ አልነበረም። የመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚጠቅመው ለውጡ ገና ትንሽ ሳለ ነው። ‹‹እሱማ ሩቅ ነው›› ትሉኛላችሁ። ይሁን። ክኒኑስ? በሽታው ከኩላሊት በላይ ያለውን የአድሬናል ዕጢም ይነካል፤ ዕጢው ከደከመ ሆርሞኑ በክኒን ይተካል። ካልተተካ ተራ ትኩሳት ሊገድለው ይችላል። የታላቅየው ፊልም ለታናሽየውም ነው የተነሣው!

ደግሞ የት ሆነን? በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ጎንደር እኮ ናት። ተማሪው በቡድን ወደ ሕዝቡ ወጥቶ የሚማርባት። እዚህ ቤተሰቡን ሳይጠይቁ ፋይል መዝጋት ነውር ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ልበል። ሜታክሮማቲክ ሉኮዲስትሮፊ በአንጎል የፈሳሽ ክፍተቶች ዙሪያ ይጀምራል፤ እንደ ነብር ቆዳ ዥንጉርጉር ነው። የአሌክሳንደር በሽታ ከፊት ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜ ከትልቅ ራስ ጋር። ከትኩሳት ወይም ከቀላል መውደቅ በኋላ የባሰበት ልጅ ካለ፣ ነጩ ክፍል ወደ ፈሳሽነት እየተለወጠ እንደሆነ እዩ።

ላኪዎች፣ ዕድሜውንና የራስ ዙሪያውን ጻፉልን። ከ2 ዓመት በታች ማይሊን (የነርቭ ሽፋኑ) ገና እየተሠራ ነው፤ ያለ ዕድሜ ፊልሙ አይነበብም። አንባቢዎች፣ በመጨረሻው መስመር ‹‹ወንድሞቹ ይታዩ›› በሉ። የእናቱም ወንድሞች ይጠየቁ።

ፊልሙን ይዤዋለሁ፤ ማየት የሚፈልግ ወደ ፊት ይምጣ።